ምንም የማያስታውሰው መስታወት

ሳንቲያጎ፣ ማርች 4 ቀን

የተከበሩ አክስቴ ሩቢኤላ፣

ይህ ወረቀት ጤና ሆነው፣ መነጽርዎም ሳይጠፋብዎ እንዲያገኝዎ እለምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የካርሜኗ እመቤታችን ለቤትዎ ትቁምልኝ።

ብደውል ሠላሳ ስምንት ዓመት የስፌት መኪና የጮኸበት ጆሮዎ አይሰማኝም። የስልክ ጽሑፉን ደግሞ «ጣቴ ከፊደሎቹ ይበልጣል» ብለው ትተውታል። ስለዚህ ቀስ ብለው ያንብቡኝ፤ ትልቅ ዜና አለኝ።

እዚህ ቺሌ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ አራት ዓመት ሙሉ «የኮምፒውተር ሥራ» እያልኩ አልፌዎታለሁ። አሁን ልንገርዎ። ለልብስ መደብሮች የመለኪያ ክፍል መስታወት ነው የምንሠራው። ሴትየዋ ትገባለች፣ መጋረጃውን ትዘጋለች፣ ልብሷን አውልቃ በስስ የውስጥ ልብስ ብቻ ወለሉ ላይ በተሳሉት የእግር ዱካዎች ላይ ትቆማለች። ሁለት ካሜራዎች ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ ዳሌዋን ይለካሉ። ከዚያ መደብሩ ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ፣ አንዱንም ሳታጠልቅ፣ መስታወቱ ውስጥ ለብሳው ታያለች። የትኛው ቁጥር እንደሚሆናት ይነግራታል። ደንበኛዋ የምታየውንና የምትሰማውን፣ የመስታወቱን አነጋገር ሳይቀር፣ ያቀድኩት እኔ ነኝ።

በሦስት መደብሮች ልንሞክረው ነው። አንዱ በከተማችን በዶን ማቲያስ አደባባይ ላይ ያለው የዶን ኤቬሊዮ መደብር እንዲሆን ለምኜ አስፈቀድኩ። ከተማው ሁሉ ጂንስ ሰፊ ነው፤ እርስዎም እዚያው ጥግ ላይ ሱሪ ሲያሳጥሩ ይውላሉ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ መጀመሪያ እርስዎ ይግቡ። እርስዎ ከገቡ ሌሎቹ ይከተላሉ። ሰው እንዳይሰጋ በሩ ላይ የሚለጠፈውን እኔው ነኝ የጻፍኩት፦ «ይህ መስታወት ምንም አያስታውስም።»

ጤናዎስ? ያ ነገር ተሽሎዎታል ብሎ አባቴ ነግሮኛል። ደስ ብሎኛል።

እጅዎን ስሜ፣
የወንድምዎ ልጅ ፌርኔይ


ዶን ማቲያስ፣ ማርች 29 ቀን

ለልጄ ለፌርኔይ፣

አምላክ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልህ፤ የሚያበላህን ሥራ ይባርክልህ። እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። ዝናቡ አላባራም፤ ጉሙ እስከ መደብሩ በር ድረስ እየመጣ ደንበኛ ይመስል ቆሞ ይውላል።

መስታወትህ መጣ። ከሜዴሊን ሁለት ልጆች ይዘውት መጡና ቀኑን ሙሉ ሲቦረቡሩ ዋሉ። ዶን ኤቬሊዮ ከደስታው ብዛት አዲስ መጋረጃ አሰፋኝ። ሴቶቹ ግን ክፍሉን ሲያልፉ እንደ ቀብር ቦታ ዝም ይላሉ። ኦቲሊያ ብቻ ናት የምትናገረው። ጎረቤቴ ኦቲሊያ፣ ምላሷን ታውቀዋለህ።

«ሩቢኤላ፣ ይሄ ዓይን ያበቀለ ቁም ሳጥን ነው» አለች። «ባሌ እንኳን መብራት አጥፍቶ ነው የሚያየኝ። አሁን ለካሜራ ልቁም?»

«ካሜራው ከባልሽ ይሻላል፣ ወዲያው ይረሳል» አልኳት።

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ «በምን አወቅሽ?» አለችኝ፤ ይኸኛው ቀልድ አልነበረም።

«የወንድሜ ልጅ ነው የሠራው። በእኔ ስም ግቡ» አልኳቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ መደብሩ ለምሳ ሲዘጋ ብቻዬን ገባሁ። ሦስት ጊዜ «እባክዎ እጅዎን አውርደው ቀጥ ብለው ይቁሙ» አለኝ። አወረድኩ። ቀጥ ብዬ ነበር የቆምኩት። ይሁን።

ከሰኞ ጀምሮ አሥራ አንድ ሴቶች ገብተዋል። ኦቲሊያም ገብታ ስትወጣ ሁለት ጂንስ ገዛች፤ አንዱንም ላሳጥርላት አላስፈለገም፤ ሥራዬን ልትወስድብኝ ነው እንዴ? ግን አሁንም ትጠይቃለች፦ በእውነት ምንም አያስታውስም? እኔ አዎ ብያታለሁ። አንተም አዎ ብለህ ጻፍልኝና ላሳያት።

አክስትህ ሩቢኤላ


ሳንቲያጎ፣ ኤፕሪል 21 ቀን

የተከበሩ አክስቴ፣

ጉልበትዎን እመቤታችን ትዳብስልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ከደስታዬ የተነሳ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አለቃዬ ባስኩንያን «አክስትህ ከማስታወቂያ ክፍላችን ትበልጣለች» ብሏል።

ለኦቲሊያ፣ ነገሩ በሩ ላይ እንደተለጠፈው ነው ይበሉልኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ልመና አለኝ። እስካሁን የገቡት ወጣቶችና ቀጫጮች ይመስላሉ። መስታወቱ እንዲማር ሁሉም ዓይነት ሰው መግባት አለበት፤ በዕድሜ የገፉ፣ ወፍራሞች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ጎበጥ ያሉ፣ የተጎዱ። እርስዎ ቢነግሯቸው እሺ ይላሉ። ምን እንዳሉ፣ ምን እንደተሰማቸውም ይጻፉልኝ።

በጥድፊያ ነው፤ ይቅርታ።
ፌርኔይ


ዶን ማቲያስ፣ ሜይ 17 ቀን

ለልጄ ለፌርኔይ፣

የእናቶች ሁሉ እናት ጥላዋን አታንሳብህ። አጭር ደብዳቤ ጻፍክልኝ፤ ይሁን፣ ሥራ የበዛበት ሰው እንዲህ ነው።

እንዳልከኝ አደረግሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ እየቆምኩ አንድ በአንድ ለመንኳቸው። አሁን አርባ ሦስት ደርሰዋል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ከወለደች በኋላ ሰውነቷን የምትደብቀው የመምህሯ ልጅ፣ አንድ እግሯ የሚያጥረው ሮሳልባ ሳትቀር። ሮሳልባ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ልብስ ሻጭ ፊት ሳልቆም ልብስ ስመርጥ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አለችኝ።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስለ እኔ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ አንተ «ያ ነገር» ብለህ ነው የምትጽፈው። ወንድ ልጅ ነህ፣ አልፈርድብህም። ግን ልንገርህ።

ግራ ጡቴን ካነሱልኝ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ አላውቅም። ቤቴ የቁም ሳጥኑን መስታወት በጨርቅ ጋርጄዋለሁ። ጥጥ በጨርቅ ጠቅልዬ በራሴ እጅ የሰፋሁትን ነገር በጡት መያዣዬ ውስጥ አድርጌ እወጣለሁ፤ ከአባትህና ከሐኪሞቹ በቀር የሚያውቅ የለም። ኦቲሊያ እንኳን አታውቅም። ያን ቅዳሜ አንተን ደስ ለማሰኘት ገባሁ ብልህ ውሸት ነው። ማንም ሰው ሳያየኝ ራሴን ማየት ፈልጌ ነበር። ሰው የሌለበት፣ የማይረሳ ዓይን የሌለበት ቦታ አንተ ሠራህልኝ። ያችን ጥጥ አውጥቼ ነው የቆምኩት። መስታወቱ ሲጨነቅ ቆየ፤ በኋላ ግን ሰማያዊ ቀሚስ አለበሰኝ። አልቅሼ ጨረስኩና ሰማያዊውን ገዛሁት።

ይህን ለማንም አትንገር። ለአንተ የነገርኩህ መስታወቱ የአንተ ስለሆነ ነው።

ለገና እንደምትመጣ አባትህ ነግሮኛል። የምትወደውን የአይብ ብስኩት ቡኝዌሎ ጠብሼ እጠብቅሃለሁ።

አክስትህ ሩቢኤላ


ዶን ማቲያስ፣ ጁላይ 12 ቀን

ለፌርኔይ፣

ሰላም ሁን፣ ከክፉ ነገርም ተጠበቅ። ሁለት ወር ሊሆን ነው። ደብዳቤዬ ጠፍቶ ይሆን? ያን ሁሉ የጻፍኩት ላስቸግርህ ብዬ አልነበረም። ብታፍርብኝ አይገርመኝም፤ ግን አንዲት መስመር ላክልኝ።

ሩቢኤላ


ሳንቲያጎ፣ ኦገስት 9 ቀን

የተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ለጊዜው ሴቶቹ ወደ መስታወቱ እንዳይገቡ ይንገሯቸው። ለጥገና ነው። ዶን ኤቬሊዮ ከጠየቀ ምክንያቱን አላውቅም ይበሉት።

ለገና መምጣቴ አይቀናኝ ይሆናል።

ፌርኔይ


ዶን ማቲያስ፣ ኦገስት 26 ቀን

ፌርኔይ፣

እግዜር ልቡና ይስጥህ። መጀመሪያ አስገቢ አልከኝ፣ አስገባሁ። ከዚያ አሮጊቶቹን አምጪ አልከኝ፣ አመጣሁ። አሁን አስወጪ ትለኛለህ። የስፌት መኪናዬን የሚሰብር ጨርቅ ሳይ መኪናውን አቆማለሁ፤ ሴቶቹንም አቁሜአለሁ። ምንድነው ያለው?

«ጥገና» ብዬ ስነግራት ኦቲሊያ አፍጥጣ አየችኝ። «ሩቢኤላ፣ አንቺ መዋሸት አትችዪበትም» አለችኝ።

ልጄ፣ ምንም ይሁን ምን ንገረኝ።

ሩቢኤላ


ሳንቲያጎ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን

አክስቴ፣

ምርቃትዎን አልጠይቅም፤ የምጠይቅበት ፊት የለኝም።

መስታወቱ ያስታውሳል። ሁሉንም አይደለም። መለካት ያቃተውን ሰው ሥዕል ግን ለእኛ ይልካል፤ አይተን እንድናርመው። ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር። እንዲህ እንዲሆን ያቀድኩት እኔ፤ «ምንም አያስታውስም» የሚለውን የጻፍኩትም እኔ፤ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ። «ፊታቸው ይደበዝዛል፣ ስማቸው አይያዝም፣ ይኼ ማስታወስ አይባልም» ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። የኦቲሊያን ጥያቄ ሲጽፉልኝ መልሱን አውቀው ነበር። «እንደተለጠፈው ነው» ያልኩት አዎ ብዬ በእጄ መዋሸት ከብዶኝ ነው። የተጎዱትን ያምጡልኝ ያልኩት ደግሞ መስታወቱ እንዲሳሳትባቸው ፈልጌ ነው። ስህተት ያስፈልገን ነበር።

የሜይ ደብዳቤዎ ጁን 3 ቀን ደረሰኝ። እንዳነበብኩት ወደ ቢሮ ሄጄ ፈለግሁ። አገኘሁት፤ የዶን ማቲያስ፣ የቅዳሜ፣ የምሳ ሰዓት። ሦስት ሥዕሎች ናቸው። በሁለቱ እጅዎ ደረትዎን ሸፍኗል። በሦስተኛው አውርደውታል። «እጅዎን አውርደው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ልሰርዘው ነበር። ሥዕል የሰረዘ ሰው ስሙ ይመዘገባል፤ ምክንያቱን ይጠየቃል። «አክስቴ ናት» ልበል? «ለሷ ውሸት ነግሬአታለሁ» ልበል? ከስንት ሺህ ሥዕል መካከል ማን ያየዋል ብዬ ዘጋሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። እራቴን በሰላም በላሁ፣ አክስቴ። ይህንንም ልደብቅዎ አልፈልግም።

ጁን 14 ቀን ከአራት አገር የመስታወቱ ገዢዎች መጡ። ባስኩንያን መስታወቱ ከስህተቱ እንዴት እንደሚማር ሊያሳያቸው ፈለገ። ግድግዳውን በሚያህል ስክሪን ላይ ሥዕሎች አወጣ። ሁለተኛው የእርስዎ ነበር፤ ሦስተኛው ሥዕል፣ እጅዎ የወረደበት።

«ይቺኛዋን ፋብሪካው አጉድሎ ነው የላካት፤ ትመለስ!» አለ ባስኩንያን።

ሠላሳ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፈገግ አላልኩም፤ ሳቅሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ። ከዚያ ተራዬ ደርሶ ተነሳሁና ስህተቱን እንዴት እንደምናርመው አስረዳሁ። በቀይ ብርሃን እየጠቆምኩ ነው ያስረዳሁት። የት የት ላይ እንደጠቆምኩ ያውቃሉ። ጨርሼ ስቀመጥ አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነኝ። «ጥገና» ብዬ የጻፍኩልዎ በዚህ መሃል ነው።

ሲታከሙ ያልመጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ምን እንደምልዎት ስላላወቅሁ ነው። አሁንም አላውቅም።

ፌርኔይ


ዶን ማቲያስ፣ ኦክቶበር 19 ቀን

ፌርኔይ፣

ደብዳቤህ እጄ ከገባ ሦስት ሳምንት አለፈ። የመጀመሪያ ቀን አንብቤ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁትና ሥራዬን ሠራሁ። የማን ሱሪ እንደነበረ አላስታውስም፤ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ አበላሸሁት። በሥራዬ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

በማግስቱ ሴቶቹ ያልተሰፋ ጨርቅ ሊመርጡ መጡ። ኦቲሊያ አየችኝና «ምን ሆንሽ? አመድ መስለሻል» አለች። ደብዳቤህን ከመሳቢያ አወጣሁ። «ተቀመጡ» አልኳቸው። ቆሜ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ሥዕሎቹ ጋ ስደርስ ዶን ኤቬሊዮ «ሩቢኤላ፣ ይሄን እንኳን ዝለዪው፣ እባክሽ» አለኝ። አልዘለልኩም። ደስ የማይለውን እየዘለልኩ ካነበብኩላቸው ከአንተ በምን ተሻልኩ? የሳቁንም፣ የቀዩን ብርሃንም አነበብኩ። እንዲህ ሆኖ ነው ከተማው ስለ ጡቴ የሰማው፤ ከራሴ አፍ። ሮሳልባ መጥታ አቀፈችኝ። ኦቲሊያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደጃችንን አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ እስከ ዛሬ ሰላም አላለችኝም።

ዶን ኤቬሊዮ የዚያኑ ዕለት ክፍሉን ቆለፈው። ሴቶቹ ለመንግሥት አቤቱታ ጽፈው ፈርመዋል። እኔም ፈርሜአለሁ፤ ሦስተኛዋ ነኝ።

ከዚያ በየቤቱ ዞርኩ፤ አርባ ሦስት ቤት። አንዳንዷ ወንበር ሰጥታ ትኩስ የሸንኮራ መጠጥ፣ አጓፓኔላ፣ ቀዳችልኝ። አንዳንዷ በመስኮት አናገረችኝ። የመምህሯ ልጅ ባል በሩን ሳይከፍት «ሚስቴን ማን ማን እንዳያት ንገሪኝ» አለ። «አላውቅም» አልኩት። «ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለኝ። ይህንንም አላውቅም ነበር።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሴት ወገብ ስለካ ቁጥሩን ከራሷ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሎቻቸው ጠይቀውኝ ያውቃሉ፤ ምቀኞቻቸውም። በዚህ ነበር የምታወቀው። በአካሌ ማፈሬ አልቋል፤ አሁን ማንም ቢያየኝ ግድ የለኝም። የማፍረው «በእኔ ስም ግቡ» ስላልኩ ነው።

ስለ ሳቁ የምለውን ልጽፍ ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ሥዕሎቹ የት እንዳሉ ጻፍልኝ። የእኔን ብቻ አይደለም። ለገና አትምጣ።

ሩቢኤላ


ሜዴሊን፣ ኖቬምበር 29 ቀን

አክስቴ፣

አትምጣ ብለውኛል፤ ዶን ማቲያስ አልመጣሁም። ሜዴሊን አንድ ጓደኛዬ ቤት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሰሜን መናኸሪያ ላይ ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጥቼዋለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ለእርስዎ የጻፍኩትን እውነት ለሦስቱ መደብሮችና ለአራቱ ገዢዎች ጻፍኩ፤ ለመንግሥትም አቤት አልኩ። ባስኩንያን ቢሮው ጠርቶኝ «የምትከሰው እኮ ራስህ የሠራኸውን ነው፤ ነካ ያደርግሃል?» አለኝ። «አዎ፣ ራሴ የሠራሁትን ነው» አልኩት። በዚያው ቀን ከሥራ አሰናበተኝ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ከዶን ማቲያስ የተያዙት የሰባት ሴቶች ሥዕሎች ናቸው። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ባሉበት ከድርጅቱ ተሰርዘዋል። በዚያ ቀን ለገዢዎቹ የተሰጠው ቅጂ ግን አራት አገር ሄዷል። አጥፍተናል ብለው ሁለቱ ጽፈዋል፤ ሁለቱ አልመለሱም። ስለዚህ ጠፍቷል ብዬ አልጽፍልዎትም፤ አላውቅም። ከእርስዎ በቀር የቀሩት ስድስቱ እነማን እንደሆኑም አላውቅም፤ ለማወቅ ብዬ ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ለአርባ ሦስቱም ሴቶች ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ በእጄ ነው የጻፍኩት። በዚሁ አውቶቡስ ልላክልዎትና ያድሉልኝ? የባሰ እንዳላሳፍርዎ እርስዎ ያሉትን ብቻ አደርጋለሁ።

ፌርኔይ


ዶን ማቲያስ፣ ዲሴምበር 2 ቀን

ፌርኔይ፣

ደብዳቤዎቹን አትላክ። አርባ ሦስት በር በእግሬ ዞሬአለሁ፤ ለአንተ ፖስተኛ ሆኜ ዳግመኛ አልዞርም። ደብዳቤ መጻፍ ለአንተ ቀላል ነው፤ ለኔም ስትጽፍልኝ ኖረሃል።

ቅዳሜ ና። የጠዋቱን አውቶቡስ ያዝ፤ በቀን ብርሃን ግባ። በኋላ በር በኩል ባለው መንገድ ወደ አባትህ ቤት እንዳትሾልክ። አደባባዩ ላይ ውረድ፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሁሉም ሰው ይኖራል። መምጣትህን ነግሬአቸዋለሁ። አንዳንዱ ይሰድብሃል፤ ቆመህ ስማ። የመምህሯ ልጅ ባል ሊመታህ ይችላል፤ ዶን ኤቬሊዮ አጠገቡ እንዲቆም ለምኜዋለሁ፤ ቃል ግን አልሰጠኝም። ከኦቲሊያ ቤት እንጀምራለን። ትከፍትልህ እንደሆነ አላውቅም። ካልከፈተች እዚያው ቆመህ ለበሩ ትናገራለህ፤ ከውስጥ ሆና ትሰማለች፣ ቤቷን አውቀዋለሁ።

ያልከኝን ሁሉ ለእያንዳንዳቸው በአፍህ ትነግራቸዋለህ። ሁለቱ አልመለሱም የሚለውን ሳትዘል፤ «አላውቅም» የሚለውንም ሳትዘል።

አውቶቡሱ የሚቆምበት እጠብቅሃለሁ። ልስምህ አልችል ይሆናል፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ አታስቸኩለኝ። በየበሩ ግን አብሬህ እሄዳለሁ፤ የወንድሜ ልጅ እንደሆንክ ሁሉም ያውቃል፣ ብቻህን አልሰድህም። አጠገብህ እቆማለሁ።

ስለ አንተ ግን አንድ ቃል አልናገርም።

ሩቢኤላ